ከማብሪያው ቁልፍ እስከ ከርነሉ፦ ዴቢያንን በአይቡክ ጂ4 ላይ መጫን

ባለፈው ክረምት እህቴ ከሲልቨር ስፕሪንግ ለዕረፍት ስትመጣ በሁለት ፎጣ የተጠቀለለ ነጭ ላፕቶፕ ከሻንጣዋ አውጥታ ሰጠችኝ። ቤታቸው ምድር ቤት ውስጥ ከልጆቿ አሮጌ ደብተሮች ጋር ለዓመታት ተቀምጦ እንደ ነበር፣ ልትጥለው ካነሣችው በኋላ «ይህን እንኳ እሱ ይወደዋል» ብላ እንደ መለሰችው ነገረችኝ። ዕቃው የአፕል አይቡክ ጂ4 ነው፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2005 ለገበያ የቀረበው፣ አይቡክ ከሚባሉት ሁሉ የመጨረሻው። ባለ 12 ኢንች ስክሪን፣ 1.33 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰር፣ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ 512 ሜጋባይት ራምና 40 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ አለው። ባትሪው ፈጽሞ ሞቷል። ቻርጀሩ ግን ይሠራል፤ ማብሪያውን ስጫነውም ያ የታወቀ የማክ ድምፅ ወጣ። የወንድሜ ልጅ አገላብጦ አየውና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሙዚየም ነው የሚገባው» አለኝ። አንድ ጥገና ቤትም ባትሪ ልጠይቅ ጎራ ብዬ ሳሳየው፣ ሳይከፍተው «ለመለዋወጫ እንኳ አይሆንም» ብሎ መለሰልኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ይኸው ላፕቶፕ ዴቢያን የተባለውን የሊኑክስ ሲስተም ይዞ ተነሣ። እነዚያን ሁለት ሳምንታት የበላው ግን ሊኑክስን መልመድ ወይም ፕሮግራም መምረጥ አልነበረም። ድካሜ ሁሉ ያለቀው ማብሪያው ከተነካበት ቅጽበት አንሥቶ ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ባለችው፣ አንድ ደቂቃ በማትሞላው ጊዜ ላይ ነው። በተራ ፒሲ ላይ ይህችን ጊዜ ማንም አያያትም፤ ፍላሽ ይሰካል፣ አንድ ቁልፍ ይጫናል፣ ሜኑ ይመጣል። እዚህ ግን እያንዳንዱን እርምጃ በእጅ መርገጥ ስላስፈለገኝ፣ የገጠመኝን በዝርዝር መጻፍ ተመሳሳይ ዕቃ በቁም ሣጥኑ ላይ ላስቀመጠ ሰው ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

በመጀመሪያ ይህ ማሽን ለምን እንደ ሌላው እንደማይሆን መናገር ያስፈልጋል። በውስጡ ያለው ፕሮሰሰር የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ሳይሆን ፓወርፒሲ የሚባለው፣ አፕል፣ አይቢኤምና ሞቶሮላ እ.ኤ.አ. በ1991 ተባብረው የጀመሩት ዘር ነው። አፕል ወደ ኢንቴል እንደሚዛወር ያስታወቀው እ.ኤ.አ. ሰኔ 6 ቀን 2005 በመሆኑ፣ የእኔ አይቡክ ለገበያ የወጣው ዘሩ እንደሚቋረጥ ከተነገረ ከሰባት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው፤ ሞቱ ታውጆ የተወለደ ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ማክ ኦኤስ 10.5 ፓወርፒሲን የተቀበለ የመጨረሻው ነበር፤ በ2009 የመጣው 10.6 የሚሠራው በኢንቴል ብቻ ነው። እህቴ ትታው የሄደችው ሲስተም ስለዚህ ዛሬ ብዙዎቹን ድረ ገጾች ሊከፍት አይችልም፣ የደኅንነት ማሻሻያም ካገኘ ብዙ ዘመን ሆኖታል። አምራቹ የተወውን ዕቃ ማንቀሳቀስ የሚችለው በአብዛኛው ኮዱ በሕዝብ እጅ ያለ ሲስተም ነው። በአማርኛ «በነፃ» እና «ነፃ» በአንዲት ፊደል መለያየታቸው እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ ዴቢያን በነፃ መገኘቱ ለኪሴ ደግ ነው፣ ይህን ላፕቶፕ ያስነሣው ግን ነፃ መሆኑ ነው።

ነፃ መሆኑ ሲባል ግን ሁልጊዜ የተዘጋጀ ነገር ይጠብቃል ማለት አይደለም። ዴቢያን ባለ 32 ቢቱን ፓወርፒሲ በይፋ የደገፈው እ.ኤ.አ. በ2015 እስከ ወጣው እትም 8 ድረስ ነው፤ በ2017 በወጣው እትም 9 ላይ ከዝርዝሩ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ሥራውን በዴቢያን ፖርትስ ስር የተሰባሰቡ ፈቃደኞች ይዘውታል፤ የሚያቀርቡትም የተረጋጋውን እትም ሳይሆን ሲድ የሚባለውን፣ በየቀኑ የሚለዋወጠውን ነው። የድሮውን እትም 8 ጭኜ በዚያው መቆየት እችል ነበር፤ ነገር ግን ማሻሻያ የማያገኝ አሮጌ ሲስተምን በሌላ ማሻሻያ በማያገኝ አሮጌ ሲስተም መተካት ትርጉም አልሰጠኝም። ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ሌላ ነፃ ሲስተም እነዚህን ማኮች እስካሁን በይፋ ይደግፋል፤ መረጋጋትን ለሚያስቀድም ሰው ከእኔ ምርጫ ይልቅ እሱን እመክራለሁ። እኔ ዴቢያንን የመረጥሁት ሃያ ዓመት ገደማ ስለ ለመድሁት ብቻ ነው።

የመጫኛውን ምስል (የሲዲውን ሙሉ ይዘት የያዘውን ፋይል) ሌሊት አውርጄ በሲዲ ጻፍሁና ማታ ከወንድሜ ልጅ ጋር ተቀመጥን። እነዚህ ማኮች ባዮስ (ፒሲ ሲበራ ቀድሞ የሚነሣው ፕሮግራም) የላቸውም። በቦታው ያለው ኦፕን ፈርምዌር ነው፤ በሰን ማይክሮሲስተምስ ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1994 በመሐንዲሶቹ ማኅበር በአይ ትሪፕል ኢ ቁጥር 1275 ተብሎ መለኪያ የወጣለት፣ አይቢኤምና ሰን ራሳቸው በትልልቅ ማሽኖቻቸው የተጠቀሙበት። ወደ ውስጡ ለመግባት ማሽኑ ሲበራ የሚሰማውን ድምፅ ተከትሎ ኮማንድ፣ ኦፕሽን፣ ኦ እና ኤፍ የተባሉትን አራት ቁልፎች አንድ ላይ ይዞ መቆየት ያስፈልጋል። ለሁለት እጅ የሚበቃ ሥራ ነው። ቁልፎቹን ቶሎ ከለቀቋቸው ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው ሲስተም ዝም ብሎ ይነሣል፤ እኛም ሦስት ጊዜ ለቅቀናቸዋል።

በአራተኛው ነጭ ስክሪን ላይ ጥቁር ጽሑፍ መጣ። ከላይ ያለው የእንኳን ደህና መጡ ሰላምታና የማሽኑ ቀን ነው፤ ቀጥሎ ማስነሣትን ለመቀጠል ወይም ለማጥፋት ምን መጻፍ እንዳለበት ይገልጻል፤ በመጨረሻም ዜሮና የ«ይበልጣል» ምልክት ተቀምጠው ትእዛዝ ይጠብቃሉ። ቀኑ 1904 ይል ነበር። አየሁት፣ አሮጌ ዕቃ ሰዓቱ ቢዛባ አይገርምም ብዬ አለፍሁት። ይህን ማለፌ በኋላ ሙሉ ሁለት ማታ አስከፍሎኛል።

ኦፕን ፈርምዌር ትእዛዝ የሚቀበለው ፎርዝ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ሁለትና ሦስትን ለመደመር መጀመሪያ ሁለት ይጻፋል፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ የመደመር ምልክት፣ በመጨረሻ ውጤቱን የምታሳየው ነጥብ። «2 3 + .» ብዬ ጻፍሁ፤ 5 ብሎ መለሰ። ፎርዝን የሚማሩ ሰዎች ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ መሆኑን እየጠቀሱ ሲያማርሩ አንብቤ ነበር፤ ለእኔ ግን ከሌሎቹ የኮምፒውተር ቋንቋዎች ሁሉ ይልቅ ይህ ነው ለአማርኛ ጆሮ የሚቀርበው። ግሱ መጨረሻ ላይ ነው፤ «ሁለትን ከሦስት ጋር ደምረህ አሳይ» እንደ ማለት።

የማስነሻው ትእዛዝ ግን ይህን ያህል አልተመቸንም። እኔ ከስልኬ ላይ እያነበብሁ የወንድሜ ልጅ ይጽፋል፦ ቡት፣ ክፍተት፣ ሲ ዲ፣ ኮለን፣ ኮማ፣ ስላሽ ሁለት ጊዜ፣ ኮለን፣ ከዚያም ቲ ቢ ኤክስ አይ የሚሉት አራት ፊደላት። ማሽኑ ሊከፍተው እንዳልቻለ መለሰ። ደግመን ጻፍን፤ ያው መልስ። ሲዲው ተበላሽቷል ብዬ ሌላ ልጽፍ ስነሣ ልጁ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ «ጋሼ፣ ስላሹ የቱ ነው?» አለኝ። እኔ ስላሽ እያልሁ ያነበብሁለት ወደ ኋላ የተጋደመውን ነበር፤ እሱ የጻፈው ወደ ፊት የተጋደመውን። ኦፕን ፈርምዌር በፋይል ዱካ ውስጥ የሚቀበለው ወደ ኋላ የተጋደመውን ብቻ ነው። አስተካክሎ ሲጽፈው የሲዲው ሞተር ጮኸ፣ ግራብ የተባለው የማስነሻ ፕሮግራም ሜኑም መጣ።

እነዚያ አራት ፊደላት ምን እንደሆኑ መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም ያለ እነሱ በኋላ የደረሰው ችግር አይገባም። ያ ዘመን የወለዳቸው ማኮች ሲበሩ ሃርድ ዲስኩ ላይ ኤችኤፍኤስ በተባለው የአፕል የፋይል አደረጃጀት የተሠራ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ይፈልጋሉ፤ በፓርቲሽኑ ውስጥ ደግሞ «የተባረከ» ፎልደር፣ በፎልደሩ ውስጥ የዓይነት መለያው ቲ ቢ ኤክስ አይ የሆነ ፋይል ይፈልጋሉ። መባረክ የሚለውን ቃል እኔ አልፈጠርሁትም፤ አፕል ራሱ የተጠቀመበት ስም ነው፣ ሊኑክስ ላይ ያለው መሣሪያም በዚሁ ይጠራል። ማሽኑ ያልተባረከ ፎልደር ውስጥ ያለውን ማስነሻ፣ ፋይሉ ሙሉ ቢሆን እንኳ፣ እንደሌለ ይቆጥረዋል።

መጫኛው በጽሑፍ ሁኔታ ተነሣ። ዴቢያንን በአማርኛ መጫን የሚቻለው በግራፊክስ መጫኛው ስለሆነ በእንግሊዝኛው ቀጠልሁ። የዋየርለሱ ካርድ የብሮድኮም ነው፤ የሚያስፈልገው ፈርምዌር (ካርዱን ከውስጥ የሚያሠራው ትንሽ ፕሮግራም) ከሲስተሙ ጋር ለማከፋፈል የማይፈቀድ በመሆኑ ከኢንተርኔት መውረድ አለበት፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ዋየርለሱ ያስፈልጋል። ገመድ ያለው መሰኪያ ግን ያለ ምንም ፈርምዌር ስለሚሠራ ላፕቶፑን ሳሎን ወስጄ ራውተሩ ላይ ሰካሁት። ኔትወርክ ተገኘ። ከዚያም መጫኛው መሠረታዊውን ሲስተም ሊያወርድ ሲል፣ ፕሮግራሞቹ የሚወርዱበት ማኅደር ዲጂታል ፊርማ ትክክል አይደለም ብሎ ቆመ።

ለሁለት ማታ የፈተሽሁት ፊርማውን ነው። ፊርማው የሚረጋገጥበት የዴቢያን ፖርትስ ቁልፍ በየዓመቱ ስለሚቀየር፣ የያዝሁት ምስል አሮጌ ቁልፍ ይዟል ብዬ አዲስ ምስል አወረድሁ፣ አዲስ ሲዲ ጻፍሁ፤ ያው ሆነ። በሦስተኛው ማታ ኤፍኤን፣ ኦፕሽንና ኤፍ 2ን ተጭኜ ወደ ሁለተኛው ኮንሶል (ትእዛዝ ወደሚጻፍበት ጥቁር ስክሪን) ተሻገርሁና የስህተቱን መዝገብ አንድ በአንድ አነበብሁ። ፊርማው የተፈረመው ወደፊት በሚመጣ ጊዜ ነው ይላል። የማሽኑን ሰዓት ጠየቅሁት፤ ጃንዋሪ 1፣ 1904 አለኝ።

የድሮ ማኮች ጊዜን የሚቆጥሩት ከዚያች ቀን ጀምሮ በሰከንድ ነው። አይቡክ ለሰዓቱ ብቻ የተለየ ትንሽ ባትሪ የለውም፤ ዋናው ባትሪ ከሞተና ቻርጀሩ ከተነቀለ ቆጣሪው ወደ ዜሮ ይመለሳል። በእኛ አቆጣጠር ሳሰላው ታኅሣሥ 22 ቀን 1896 ዓ.ም. ሆነ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በዙፋን ላይ ባሉበት ዘመን የቆመ ማሽን በዚህ ዘመን የተፈረመን ፊርማ ቢጠራጠር ጥፋቱ የእሱ አይደለም። መጫኛው ሰዓትን ከኔትወርክ ለመጠየቅ ሞክሮ መልስ ሳያገኝ ዝም ብሎ አልፎ ነበር። ቀኑን በእጄ ጽፌ ተመለስሁ፤ ማውረዱም ያለ አንድ ቅሬታ ቀጠለ።

የቀረው የመጫን ሥራ ተራ ነው። ፓርቲሽኖቹን መጫኛው ራሱ በአፕል ሠንጠረዥ አደራጃቸው፣ ከእነሱም መካከል አንዷን ትንሽ ለማስነሻው በኤችኤፍኤስ አዘጋጃት። በዚያ ማሽን ፍጥነት ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ጨርሶ ሲነሣ ሰዓቱን ለሁልጊዜ የማስተካክል መስሎኝ፣ ማኮች ሲዛቡ ሰው ሁሉ የሚመክረውን አደረግሁ፤ ኮማንድ፣ ኦፕሽን፣ ፒ እና አር ይዤ የፈርምዌሩን ማስታወሻ አጸዳሁ። ማሽኑ ሲነሣ በስክሪኑ መካከል የጥያቄ ምልክት ያለበት ፎልደር ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።

ይህ የማኮች «የሚነሣ ነገር አጣሁ» የሚሉበት ምልክት ነው። በማጽዳቴ ምክንያት የጠፋው ዲስኩ ላይ ያለ ምንም ነገር አልነበረም፤ የጠፋው መጫኛው በፈርምዌሩ ማስታወሻ ውስጥ ጽፎት የነበረው የማስነሻ አድራሻ ብቻ ነው። ፈርምዌሩ አድራሻ ሲያጣ የተባረከ ፎልደር መፈለግ ይጀምራል፤ በእኔ ዲስክ ላይ ፋይሉ በቦታው ቢኖርም ፎልደሩ ቡራኬውን አላገኘም ነበር። እንደገና አራቱን ቁልፎች ይዤ ወደ ፈርምዌሩ ገባሁና ከሃርድ ዲስኩ ሁለተኛ ፓርቲሽን እንዲነሣ የፋይሉን ሙሉ ዱካ ጽፌ አዘዝሁት፤ ስላሹን በትክክለኛው አቅጣጫ። ዴቢያን ተነሣ። ከውስጥ ሆኜ ፎልደሩን አስባርኬ፣ አድራሻውንም በማስታወሻው ውስጥ እንደገና አጻፍሁ። አሁን አድራሻው ቢጠፋ እንኳ ቡራኬው ስላለ ይነሣል፤ አንድ ጊዜ ሆን ብዬ አጽድቼ ሞክሬዋለሁ።

ከዚህ በኋላ ያሉት ችግሮች የከርነሉና የዴስክቶፑ ናቸው፣ በአጭሩ ልለፋቸው። የኤቲአይ ራዲዮን 9550 ግራፊክስ ካርዱ ዴስክቶፕ በተከፈተ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ማሽኑን ያደርቀው ነበር፤ ችግሩ ያለው ካርዱን ከማሽኑ ጋር በሚያገናኘው ኤጂፒ በተባለው መስመር ላይ ሲሆን፣ ለራዲዮን ድራይቨሩ የኤጂፒ ሁኔታውን ኔጌቲቭ አንድ አድርጎ በግራብ መስመር ላይ መጻፍ መስመሩን ያስተወውና ያረጋጋዋል። የዋየርለሱን ፈርምዌር በገመዱ አውርጄ ጫንሁ። መዳሰሻው አንድ ቁልፍ ብቻ ስላለው የቀኝ ጠቅታን ወደ ኤፍ 12 አዛወርሁ። ራሙ ግን በ512 ሜጋባይት አልሆነም፤ ማሽኑ አንድ ተጨማሪ መሰኪያ ስላለውና እስከ 1.5 ጊጋባይት ስለሚቀበል፣ የወንድሜ ልጅ ከሞተ ላፕቶፕ ባለ አንድ ጊጋውን ነቅሎ አመጣልኝ። ያ ጥገና ቤት ለመለዋወጫ አይሆንም ያለው ዕቃ ከሌላ መለዋወጫ በላ።

አንድ ነገር ግን በዝርዝር መነገር ይገባዋል፣ ምክንያቱም ስክሪን ላይ በዓይኔ ያየሁት ነው። አንድ ማታ የባንዲራችንን ሥዕል ስከፍት አረንጓዴው ባለበት ሆኖ፣ ቢጫው ውሃ ሰማያዊ፣ ቀዩ ደግሞ ድፍን ሰማያዊ ሆኖ መጣ፤ በመካከል ያለው ሰማያዊ ክብም ወደ ቀይ ተለውጧል። ስክሪኑ አልተበላሸም። ኮምፒውተር ከአንድ ባይት የሚበልጥን ቁጥር ሲያስቀምጥ ከየትኛው ጫፍ እንደሚጀምር መወሰን አለበት። እኛ ሃያ አምስት ስንል ከትልቁ እንጀምራለን፣ ዓረቦች ግን አምስትና ሃያ ይላሉ። ኢንቴል እንደ ዓረቦቹ ከትንሹ ይጀምራል፤ በእኔ አይቡክ ላይ የሚሄደው ፓወርፒሲ እንደ እኛ ከትልቁ። ዛሬ ፕሮግራም የሚጽፉት ሰዎች የሚሞክሩት ከትንሹ በሚጀምሩት ማሽኖች ላይ ስለሆነ፣ ቀለሙን በባይት ቅደም ተከተል የሚያነብ ፕሮግራም እዚህ ሲመጣ ቀይና ሰማያዊን ሊያለዋውጥ ይችላል። ቀለም ላይ ሲሆን ያሥቃል፤ ፋይል ላይ ሲሆን ያጠፋል፣ ስለዚህ ዋና ፋይሎቼን እዚያ አላኖርም።

አማርኛው ከጠበቅሁት በላይ ቀላል ሆነ። የአቢሲኒካ ፎንት በዴቢያን ማኅደር ውስጥ አለ፤ አይባስ በተባለው የአጻጻፍ መሣሪያ ላይ ኤም17ኤን የተባለውን ጭኜ የሴራን የአጻጻፍ ስልት መረጥሁ፤ ከዚያ በኋላ እንደማንኛውም ኮምፒውተር ይጻፋል። ያስደነቀኝ ግን የጥቁሩ ኮንሶል ነው። የሊኑክስ ኮንሶል በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ከ512 የማይበልጥ ምልክት ነው፤ ሆኖም የኮንሶሉ ማስተካከያ ውስጥ ከቋንቋዎቹ መካከል የእኛ ፊደል ተዘርዝሯል፣ ጎሃ የሚል ስም ያለው ፎንትም ተዘጋጅቶለታል። ዴስክቶፕ ሳይነሣ፣ በጥቁር ስክሪን ላይ «ሰላም» ተብሎ ተነበበልኝ።

ድረ ገጽ ለማየት ይህን ማሽን አልመክርም። ዲሎና ኔትሰርፍ የተባሉት ቀላል ብሮውዘሮች ጽሑፍ የሞላባቸውን ገጾች ይከፍታሉ፤ ከባዱን ገጽ ማስገደድ ግን ፋኑን ከማስጮህ በቀር ጥቅም የለውም። ክዳኑ ሲዘጋ አይተኛም፤ ግራፊክሱ ከእንቅልፍ መንቃት ስለማይችል አጠፋዋለሁ እንጂ አላስተኛውም። ከጥቂት ወራት በኋላ ማሻሻያ ስጠይቅም ቁልፉ ተቀይሮ ስለ ነበር አዲሱን የቁልፍ ጥቅል ለብቻው አውርጄ መጫን ነበረብኝ። ለጽሑፍ ግን ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ እሱን እወደዋለሁ፤ የኪቦርዱ ጥልቀት በዛሬዎቹ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ የለም፣ ይህም ጽሑፍ የተጻፈው በእሱ ነው።

ባትሪው እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ስለዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር ላፕቶፑም ይጠፋል፣ ሰዓቱም ይጠፋል። ትናንት መብራት ተመልሶ ማሽኑን ካበራሁ በኋላ የመነሻ መዝገቡን ከፍቼ ነበር። የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ብዙ ዘመን ወደ ኋላ የቀረ ቀን ይዘዋል፤ ከዚያ የሲስተሙን አገልግሎቶች የሚያስነሣው ሲስተምዲ ራሱ ከተሠራበት ቀን ወደ ኋላ የቀረ ሰዓት ማግኘቱን አስታውቆ ሰዓቱን ወደ ፊት ገፋው፤ ከዚያ ባለፈው ጊዜ ሳይጠፋ በፊት ዲስኩ ላይ ወዳስቀመጠው ሰዓት አመጣው፤ ዋየርለሱ ሲገናኝም ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ40 ሆነ።